ሳይቅሙ በርጫ መቀመጥ

ድሬዳዋ ላይ ጫት ባለመቃምህ ማንም አይቀየምህም፤ ከበርጫ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ ከሚጫወቱበት ስብስብ፣ ስትቀር ግን ትታማለህ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው አንድ ቤት ይሰበሰባል። የዕቁቡ ጉዳይ፣ የታመመው ጎረቤት፣ የሥራው ወሬ ሁሉ የሚነሳው እዚያ ነው።

ስትጠራ ወዲያው «አልቅምም፣ ለጨዋታው ግን እመጣለሁ» በል። «ጨጓራዬን ያመኛል» ካልክ ወተት ጠጣ ትባላለህ፤ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» ካልክ ለነገ ትቀጠራለህ። እዚያ ከደረስክ በኋላ መናገር ደግሞ ድርሻህን ቀድሞ የገዛልህን ሰው ያከስራል። ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ በመጣ ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ከተቀጠፈ በኋላ በ48 ሰዓት ገደማ ስለሚዳከም፣ የተረፈ ድርሻ ለከነገ ወዲያ አይቀመጥም። «አቦ፣ ለዛሬ ብቻ!» ሲሉህ ስቀህ ያንኑ ድገም፤ አዲስ ሰበብ አትጨምር። ለይሉኝታ አንዲት ቀንበጥ መያዝ ከሁሉም ይብሳል፤ በማግስቱ በስምህ ድርሻ ይገዛል።

ባዶ እጅህን አትግባ። ለአምስት ስድስት ሰው ባለ 2 ሊትር ሁለት ውሃና ግማሽ ኪሎ ለውዝ ይበቃል። መዋጮ ከተነሳ የሻዩንና የስኳሩን ቻል። ዱአ ሲደረግ ስልክህን አስቀምጥ። ስለ ጫት ጉዳት ማስተማርማ ጭራሽ አይሞከርም።

ገና ስትገባ «እስከ አሥር ሰዓት ነኝ» በል። ስምንት ሰዓት ግድም ከገባህ ወሬው ሲደራ ትደርሳለህ። ምርቃናው፣ የጫቱ ስሜት፣ ሲመጣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም በየሐሳቡ ይነጉዳል። ያልቃመ ሰው ያኔ ያዛጋል፣ ስልኩን ይነካካል፤ «ሰለቸነው መሰለኝ» የሚባለውም ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ውጣ።

ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ በሐረሪ ቤት ከሆነ መቀመጫው ነደባ ይባላል፤ በደረጃ የተሠራ ስለሆነ ቦታው እንደ ሰው ማዕረግ ነው። ሳያሳዩህ ከፍ ወዳለው አትውጣ። ምረጥ ካሉህ የበሩ አጠገብ ይሻልሃል፤ ስትወጣ ሰው አታስነሳም።

ለቅሶ ቤት የሰዓቱ ዘዴ አይሠራም፤ እስከ መጨረሻው ቆይ። ሻይ አድል፣ ወንበር አመላልስ፤ እጁ ሥራ የያዘን ሰው ቃም የሚል የለም። ማታ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ከጠሩህ ግን ሳትጨነቅ ቅር፤ እሱን የሚቆጥርብህ የለም።