ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ጉልበት እንደሚበቃችሁ እንዴት ትለካላችሁ?

ኅዳር ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ማለዳ ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚነጣበት ሰሞን። አንድ መምህር መንዝ ካለችው መሐል ሜዳ ከተማ ላፕቶፓቸውን በጋቢ ጠቅልለው ወደ ኮምፒውተር ሱቄ ገቡ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ሞቷል። ነገ አዲስ አበባ ሄጄ ኮር አይ 7 ልገዛ ነው። አንተ ብቻ ፋይሎቼን ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ።»

«ጋሼ፣ ከመቅበራችን በፊት እስኪ ትንፋሹን እንየው» አልኳቸው።

ስንከፍተው ለመነሳት አራት ደቂቃ ፈጀ። የተማሪዎቻቸውን ውጤት የሚሞሉበትን ኤክሴል አስከፈትኳቸውና የማሽኑ ክፍሎች ምን ያህል እንደተጨናነቁ የሚያሳየውን የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከጎኑ አመጣሁት። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የሚያስበው ክፍል፣ 11 በመቶ። ራሙ፣ የተከፈተውን ሥራ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ግማሽ ላይ። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዲስክ ግን 100 በመቶ ላይ ተቸክሏል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ይጠብቃል ማለት ነው። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አውጥተን 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ገጠምንለት። በማግስቱ መጥተው ሲያበሩት ሃያ ምናምን ሰከንድ ውስጥ ተነሳ። አዲስ አበባ መሄዳቸው አልቀረም፤ ግን ለሌላ ጉዳይ ሆነ።

በሰው ልፈርድ አይደለም። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጌሚንግ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ጌም አልጫወትም። ሻጩ «ይኼ አውሬ ነው» አለኝ፣ እኔም አውሬ አማረኝ። ቻርጀሩ ብቻ ግማሽ ጡብ ያህላል፤ 230 ዋት ይላል። መብራት ሲጠፋ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይልኝም። ጎረቤቴ ያለችው የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ልጅ በአሮጌ ላፕቶፕ ማመልከቻ እየጻፈች ብሯን ስትለቅም፣ እኔ መብራት እስኪመጣ በር ላይ ቆሜ ፀሐይ እሞቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ መጥቶ «የትኛው ይሻላል?» ሲለኝ «ለምኑ?» ብዬ እጀምራለሁ። እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ነው።

መጀመሪያ፦ የአንድ ሳምንት ሥራችሁን ጻፉ

ወረቀት ያዙ። ካለፈው ሰኞ እስከ እሑድ በኮምፒውተር ምን ሠራችሁ? የሠራችሁትን ብቻ ጻፉ። «ምናልባት ወደፊት ቪዲዮ ኤዲቲንግ እማር ይሆናል» የሚለው ወረቀቱ ላይ አይገባም። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ «ምናልባት» ላይ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ምናልባት በጣም ተወዷል።

ዝርዝሩ ላይ ቴሌብር፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ ብቻ ከሆነ የመጣላችሁ፣ ላፕቶፕ አያስፈልጋችሁም። ስልካችሁ በቂ ነው። ንግዴ ሊቀር ይችላል፣ ግን እውነቱ ይኼ ነው።

ወላጆች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በከፊል በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ «ለልጄ የትኛው ኃይለኛ ነው?» ይሉኛል። ልጁ የሚያስፈልገው ማውስ ሲይዝ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ለዚያ የአጎቱ አሮጌ ዴስክቶፕ ከበቂ በላይ ነው።

ኤአይም እንደዚያው። ከቻትቦት ጋር ስታወሩ የሚያስበው የእናንተ ላፕቶፕ አይደለም። ሥራው የሚሠራው ባሕር ማዶ ባለ ግዙፍ ማሽን ላይ ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ኤአይ የሚል ስቲከር ስላለ ብቻ ዋጋ አትጨምሩ።

ነገሩን ለማመዛዘን ያህል፦ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ሰው ጨረቃ ላይ ሲያርፍ መንኮራኩሯን የመራው ኮምፒውተር የሥራ ማስታወሻው 4 ኪሎባይት ገደማ ነበር። በዛሬው አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ 3 ባይት ይወስዳል። አካፍሉት፤ ወደ 1,365 ፊደል ይመጣል። ለቀበሌ የሚጻፍ አንድ ገጽ ማመልከቻ እንኳ አይሞላም። እኛ 8 ጊጋባይት ይዘን «አነሰን» እንላለን።

ቀጥሎ፦ ያላችሁን ማሽን ሥራ ላይ እያለ ለኩት

ዋናው ሥራ ይኼ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ሥሩት። እንደ ወትሮው የምትከፍቱትን ሁሉ ክፈቱ። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ብሮውዘር ከነታቦቹ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ያለው ፒችትሪውን። አንዱንም አትዝጉ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። እንደተለመደው አሥር ደቂቃ ሥሩና ቁጥሮቹን ጻፉ።

ቁጥሮቹን ለመረዳት አውድማ አስቡ። ፕሮሰሰሩ በሬው ነው። ራሙ አውድማው ነው። ዲስኩ ጎተራው ነው። በሬው የቱንም ያህል ቢጠነክር አውድማው ከጠበበ የሚያበራየው ጥቂት ጥቂት ነው። የጎተራው በር ከጠበበ ደግሞ በሬውም አውድማውም ቆመው ይጠብቃሉ።

ራሙ ከ85 በመቶ በታች ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ ከተቸከለ፣ ችግሩ የጎተራው በር ነው። እንደ መምህሩ። የድሮ ሃርድ ዲስክ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ቢያነሳ ነው፤ ርካሹ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች ያነሳል። ለዚህ ነው ልዩነቱ ዐይን የሚያወጣው።

ራሙ ከ85 በላይ ሆኖ ዲስኩም ከተጨናነቀ ግን በሽታው ራም ነው። አውድማው ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ጎተራ ይገፋል፣ ሲፈልገው ደግሞ መልሶ ያወጣል። ይኼ መመላለስ ነው «ሃንግ አደረገ» የምትሉት። ዊንዶውስ 11 ገና ምንም ሳትከፍቱ 3 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። አንድ የብሮውዘር ታብ ከ100 እስከ 300 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል። አሥር ታብ ከፍቶ ለሚጽፍ ሰው 4 ጊጋ አይበቃም፣ 8 ይበቃል፣ 16 ምቾት ነው።

ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ከቆየ፣ ያኔ ብቻ ነው በእርግጥ በሬ የጠፋው። ሱቄ ከሚመጣው ሰው ይኼ የሚገጥመው ጥቂቱ ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ሌላ ምክንያት እንዳለው ፈልጉ። ሙቀቱ በሚበረታበት ሸዋ ሮቢት ያለ ላፕቶፕ ፋኑ በአቧራ ከታፈነ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ማለትም ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑን ማስጠረግ አዲስ ከመግዛት ይረክሳል።

ያላችሁን አክሙት

ኤስኤስዲ ስታስገቡ ለብዙ ሰው 256 ጊጋ በቂ ነው። የወጣውን ሃርድ ዲስክ አትጣሉት፤ በዩኤስቢ ኬዝ ከታችሁ ለፎቶ ማስቀመጫ አድርጉት። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንዱ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይጨመርም። ራም ዓይነት አለው፤ ዲዲአር 3 የሚወስደው ዲዲአር 4 አይወስድም። ታስክ ማናጀር ላይ ስታርትአፕ የሚል አለ፤ ሲበራ አብሮ የሚነሳውን የማትፈልጉትን ዝጉት።

አንድ እንቅፋት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ የኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ኢንተርኔት ለማየትና ለመጻፍ ብቻ ከሆነ አሮጌው ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ጫኑ። ነፃ ነው፣ አማርኛም ይጻፍበታል። በፒችትሪ ወይም በፓወር ግዕዝ የምትሠሩ ከሆነ ግን ይኼን ምክር እለፉት፤ እነሱ የሚፈልጉት ዊንዶውስ ነው።

መግዛት ግድ ከሆነ

«አይ 7» የሚለው ስቲከር ብቻውን ምንም አይናገርም። ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ 7-4600ዩ ማለት 4ኛ ጄነሬሽን ነው፤ የ2013 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ሁለት ኮር፣ ሁለት በሬ እንደማለት። አይ 5-8250ዩ 8ኛ ጄነሬሽን ነው፤ የ2017፣ አራት ኮር። ሁለተኛው ይበልጣል። ገበያ ላይ ግን የመጀመሪያውን «ኮር አይ 7 እኮ ነው!» እያሉ የሚሸጡት አሉ። ቁጥሩ አምስት አኃዝ ሆኖ በ10 ወይም በ11 ከጀመረ 10ኛ ወይም 11ኛ ነው። ለቢሮ፣ ለትምህርት፣ ለሒሳብ ሥራ 8ኛ ጄነሬሽን አይ 5 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ አይ 3፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ በቂ ነው። ያገለገለ ቢሆንም። የተረፈውን ብር ባትሪና ስክሪን ላይ አውሉት።

ስለ ባትሪ ቀላል ሒሳብ አለ። ባትሪው 50 ዋት ሰዓት ቢሆንና ላፕቶፑ 10 ዋት ቢበላ አምስት ሰዓት ይቆያል። 50 ዋት ከበላ አንድ ሰዓት። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ትልቅ ጉልበት መግዛት አጭር ቀን መግዛት ነው። በሶላር ለምትሠሩ የገጠር ሰዎችማ ቻርጀሩ 45 ወይም 65 ዋት የሚለው ነው የሚበጃችሁ።

አሁን ደግሞ የኛ አገር ነገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 በላይ ነው። የሃርድ ዲስክ አምራቾች ብዙዎቹ ማሽኑ እየሠራ እንዲሆን የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱም የዲስኩ ማንበቢያ ሳህኑን ሳይነካ በስስ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በዚያ ከፍታ ብዙ የቆየ ሃርድ ዲስክ ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ለጓሳ ሰው አልሸጥም። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ከፍታው ብዙ አያስጨንቀውም።

ብርዱንም አትርሱ። ውርጭ ላይ ያደረ ላፕቶፕ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አትክፈቱት። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ ላይ አይሰካም፣ ይጎዳል። የመምህሩ ጋቢ ቀልድ አልነበረም።

በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው

ጥር ሲመጣ ሠርግ የሚቀርጹት ልጆች እኔ ጋ ሲመጡ ቁጥብነቴን እተዋለሁ። አዶቤ ለፕሪሚየር ፕሮግራሙ ለኤችዲ ቪዲዮ 16 ጊጋ ራም፣ ለ4ኬ 32 ይመክራል። እነሱ ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ በእውነት 100 ይደርሳል፣ ግራፊክስ ካርዱም ሥራ አለው። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም፣ ባለ ሦስት አውታር ሥዕልና ካርታ የሚሠሩቱ፣ 16 ጊጋና ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉ። ለእነሱ የቀረጻና የሥዕል ማሽን ዴስክቶፕ ቢሆን ባይ ነኝ። በተመሳሳይ ብር የበለጠ ጉልበት ይገኛል፣ ሲበላሽም ክፍሉ ተለይቶ ይቀየራል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ግን አይቅር። የሁለት ቀን ሠርግ ሬንደር እየተደረገ፣ ማለትም ቪዲዮው ተጠናቅሮ እየወጣ፣ መብራት ሲሄድ የሙሽራውን ፊት ማየት አትፈልጉም።

ሱቅ ስትሄዱ

ፍላሽ ያዙ። ውስጡ የራሳችሁን ትልቁን ፋይል አድርጉ፤ ያንን ቤት ሃንግ የሚያደርገውን ኤክሴል ወይም ያንን ከባድ ሥዕል። ሻጩ የሚያሳያችሁን አብረቅራቂ ቪዲዮ እለፉና የራሳችሁን ክፈቱ። ታስክ ማናጀሩን አምጡ፣ የፕሮሰሰሩን ስም ከስቲከሩ ጋር አስተያዩ፣ የራሙን ልክ አንብቡ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን እዩ። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀሉትና የባትሪውን መቶኛ ያዙ። ሻጩ ሻይ ካዘዘላችሁ እሺ በሉ፣ ቀስ ብላችሁም ጠጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይሂድ። ሻዩ ሲያልቅ መቶኛውን ድጋሚ እዩት።