ታክሲ ሰልፍ ላይም የሚሠራ ማንትራ

ሰው ሲጨነቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፤ ሐሳቡን አንድ አጭር ቃል ማስያዝ ግን ይቀላል። እንዲህ እየተደጋገመ የሚባል ቃል ማንትራ ይባላል፤ «ሰላም» ይበቃል። አየር በአፍንጫችሁ በቀስታ አስገቡ፤ ስታስወጡ ቃሉን በልባችሁ አስረዝማችሁ በሉት። ሐሳብ ጠልፎ ከወሰዳችሁ (መውሰዱ አይቀርም) ሳትበሳጩ ወደ ቃሉ ተመለሱ፤ ሥራው ራሱ ይኸው መመለስ ነው።

የቃሉ ምርጫ ብዙም አያስጨንቃችሁ፤ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የትንፋሹ ርዝመት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎትም ሆነ የቡድሂስቶች ማንትራ ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ እንደሚያወርድ አሳይቷል። በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ» የሚል ወይም ዚክር የሚያደርግ ሰውማ አዲስ ቃል ፍለጋ መድከም የለበትም።

ሰልፍ ላይ ዓይን መጨፈን አያስፈልግም፤ መኪና እየነዱ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።