ቆርኪ፣ ዕጣና የእንቁላል ትሪ፦ ቤተሰብን ሳይጮሁ ማሠራት

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ ሌሊት ላይ ይሄዳል። ስምንት ጀሪካንና አንድ በርሜል አለን። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጎማውን ከአንዱ ጀሪካን ወደ ሌላው ማዞር፣ ሲሞላ መክደን፣ በቃ። ግን ለሁለት ዓመት ያህል ይሄ ሥራ የሚሠራው በጩኸት ነበር። በኔ ጩኸት። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ከስልክ አትነቀልም። የስምንት ዓመቱ "እሷ ትሙላ" ይላል። አባታቸው ዜና ላይ ነው። ረቡዕ ጠዋት ባዶ ጀሪካን ይዤ ጎረቤት በር ላይ የምቆመው እኔ።

አሁን አልጮህም። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ፤ ከስህተቱ ልጀምር።

መጀመሪያ በገንዘብ ሞከርኩ። ለአንድ ጀሪካን 5 ብር። የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር፤ ጎማውን እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ ብለው ተጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት ትልቋ ከሶፋው ሳትነሳ፣ "እማ፣ ዛሬ ይቅርብኝ። ብር አላስፈለገኝም" አለችኝ። ምን ልመልስላት? ሥራውን ዕቃ አድርጌ ዋጋ የለጠፍኩበት እኔ ነኝ። እሷም ዛሬ አልሸጥም አለች።

በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በእስራኤል ሃይፋ ከተማ የሕፃናት ማቆያዎች ላይ የተሠራ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ ስላስቸገሩ፣ የዘገየ ሰው 10 ሸቀል ይቀጣ ተባለ። የሚዘገዩት ሰዎች ይቀንሳሉ ሲባል ወደ እጥፍ ገደማ አሻቀቡ። ቀድሞ መምህሯን ማስጠበቅ ያሳፍር ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ እፍረቱ በ10 ሸቀል ተገዛ። የባሰው ደግሞ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ወላጆቹ ወደ ድሯቸው አልተመለሱም። ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣችው ሶፋ ላይ የተጋደመችው ልጄ ናት።

ስለዚህ ከሽልማት አትጀምሩ። ሽልማት ብቻውን ደመወዝ ነው። ደመወዝ ደግሞ ያነሰ ቀን ሰው ይቀራል።

ታዲያ ከምን እንጀምር? ከእቁብ። ፈረንጆቹ ጌሚፊኬሽን የሚሉትን፣ ሥራን እንደ ጨዋታ የማድረግን ነገር፣ እኛ ስም ሳናወጣለት ስንኖርበት ኖረናል። የመሥሪያ ቤታችንን እቁብ ልውሰድ። 20 ሰው ነን፤ በየዓርቡ 1,000 ብር እንጥላለን። ዕጣ የደረሰው 20,000 ብር ይወስዳል፤ ከፍሎ የሚጨርሰውም 20,000 ነው። ወለድ የለ፣ ትርፍ የለ። የገዛ ገንዘቡን ነው መልሶ የሚወስደው። ያንኑ ሰው በየዓርቡ 1,000 ብር ባንክ አስቀምጥ ብትሉት ሦስት ወር አይዘልቅም። እቁቡን ግን ተበድሮም ይጥላል። ቀኑ ቁርጥ ነው። ጸሐፊው ስሙ ፊት ለፊት ምልክት ሲያደርግ በዓይኑ ያያል። ወረቀቱ ሲወጣ ልቡ ትመታለች። ቢቀር ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ሰው ያውቃል። ብዙ ሚሊዮን የወጣባቸው የስልክ አፖች የሚሸጡልን እነዚህኑ አራት ነገሮች ነው፤ ያውም ያለ ቡናው ወሬ።

እኔም ቤቴ ውስጥ እነዚህን አራቱን ለማስገባት ተነሳሁ።

በመጀመሪያ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ፤ ሥራውንም አዎ ወይም አይደለም በሚባል ልክ ቁረጡት። "ቤት ውስጥ አግዙ" ጨዋታ አይሆንም። "ጎበዝ ሁኑ" ጭራሽ። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተ ያውቀዋል፤ ጠጠሩ መስመር ነክቷል ወይስ አልነካም? ለዚህ እናት መጥራት አያስፈልግም። የኛ ጥያቄ ይሄ ሆነ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ጀሪካኑ ሞልቶ ተከድኗል?

ቀጥሎ ምልክት ያስፈልጋል፤ ሥራው እንዳለቀ እዚያው የሚታይ፣ ቢቻል የሚሰማ። እኔ ከታች ካለው ግሮሰሪ ቆርኪ ለምኜ አመጣሁ። አንድ የሞላ ጀሪካን፣ አንድ ቆርኪ። ቆርኪው ማር ይዞ የነበረ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ቅጭል! ይላል። ያቺ ድምፅ ከ5 ብሩ የበለጠ ሠርታለች። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም፤ ትንሹ ልጄ አንዷን ቆርኪ ሁለቴ ለመጣል እጁን አስገብቶ ሲያወጣ ስለያዝኩት ብቻ አውቃለሁ።

በርሜሉም አንድ ቆርኪ አለው። ስለዚህ በአንድ ማታ ዘጠኝ፣ በሳምንት አሥራ ስምንት። ዕቃው ላይ አሥራ ስምንት ቆርኪ በሚደርስበት ከፍታ በማርከር መስመር አሰመርኩ። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ሳምንቱ የሚጀምረው ከባዶ አይደለም። ሁለት ቆርኪ አስቀድሜ እጥላለሁ።

ይሄን ያገኘሁት አሜሪካ ውስጥ መኪና እጥበት ቤት ከተሠራና እ.ኤ.አ. በ2006 ከታተመ ሙከራ ነው። ለ300 ደንበኞች ካርድ ታደለ። ለግማሾቹ ስምንት ማኅተም ሲሞላ አንድ እጥበት በነፃ። ለሌሎቹ ደግሞ አሥር ማኅተም የሚጠይቅ፣ ግን ሁለቱ ከወዲሁ የተመቱበት ካርድ። ሒሳቡ አንድ ነው፤ ሁለቱም ስምንት ጊዜ መምጣት አለባቸው። ከመጀመሪያዎቹ 19 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 34 በመቶ ካርዱን ሞሉ። የተጀመረ ነገር ይጎትታል። እናቶቻችን ያልተጨረሰ ጥልፍ ጠረጴዛ ላይ ትተው የሚተኙት ለዚህ ይሆን እንዴ?

ሁለቱ ቆርኪ ሌላም ጥቅም አላቸው። ጎማው ቢፈነዳ፣ ልጅ ቢያመው፣ ሁለት ጀሪካን ቢቀር ሳምንቱ አይበላሽም። ይሄን የተማርኩት በራሴ ነው። ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ በእግሬ እሄድ ነበር። በየቀኑ ካላንደር ላይ ኤክስ አደርጋለሁ። 41 ቀን ሳላቋርጥ ሄድኩ። ከዚያ ጉንፋን ጣለኝ፤ ሦስት ቀን ተኛሁ። ስነሳ ካላንደሩን ማየት አስጠላኝና ሁለት ወር አንድ እርምጃ አልሄድኩም። ስንፍና አልነበረም። ሰንሰለቱ ስለተበጠሰ ጨዋታው ያለቀ መሰለኝ። ዱኦሊንጎ፣ ያ የቋንቋ መማሪያ አፕ፣ ቀን ላመለጠው ሰው ሰንሰለቱን የሚያቆይለት መከላከያ ያስቀመጠው ይሄን ስለሚያውቅ ነው። እናንተም ሕጉን ስታወጡ ምሕረቱን አብራችሁ አውጡ።

አሁን ዕጣው። ቅዳሜ ማታ ቆርኪው መስመሩ ላይ ከደረሰ፣ ከስኒ ውስጥ አንድ ወረቀት ይወጣል። በየሳምንቱ የሚያወጣው ሰው ይለዋወጣል። ወረቀቶቹ ላይ የተጻፈው ገንዘብ አይደለም። "የእሁድ ምሳን እኔ እመርጣለሁ።" "ዛሬ ማታ ሪሞቱ የኔ ነው።" "ግማሽ ሰዓት አምሽቼ እተኛለሁ።" ከሁሉ የተወደደው ትልቋ የጻፈችው ነው፦ "ሙሉ እሁድ ዕቃ የሚያጥበው አባዬ ነው።" ያቺ ወረቀት ስትወጣላቸው የሚሰማው ጩኸት ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። አባታቸውም ለካ ሳይወደው አልቀረም፤ አሁን ማክሰኞ ማታ ዜናውን ትቶ በርሜሉን ይሞላል።

ዕጣ ኃይሉ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ስቶክሆልም ውስጥ ኬቨን ሪቻርድሰን የሚባል ሰው ያፈለቀው ሐሳብ መንገድ ላይ ተሞከረ። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ካሜራ ፈጣኑን ብቻ ሳይሆን ሕግ አክብሮ የሚነዳውንም ያነሳል። አክባሪው ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ የዕጣው ገንዘብ ከአጥፊዎቹ ቅጣት ነው። በሙከራው ጊዜ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ32 ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወረደ። እኔን የሳበኝ ገንዘቡ አይደለም። ደህና የሚነዳ ሰው ታየ። እስቲ አስቡት፤ እኛ ልጆቻችንን ካሜራ የምናነሳቸው መቼ ነው? ሲያጠፉ።

የተበላሸውን ደግሞ ልንገራችሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካኖቹ በሙሉ ተከድነው፣ ቆርኪውም ሞልቶ፣ ሐሙስ ጠዋት ውሃ አለቀብን። ለካስ ትንሹ ግማሽ ድረስ እየሞላ እየከደነ ነው። ልቆጣ ነበር። ግን ሕጉ "ሞልቶ" ሲል እስከ የት እንደሆነ አልተናገረም። ሰው የምትቆጥሩለትን ነገር ነው የሚሰጣችሁ። ድሮ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የሰዓት ፊርማ እየተቆጠረ የወሩ ጎበዝ ፎቶ ይለጠፍ ነበር። ፊርማው አማረ፤ እርስ በርስ እየተፈራረምን ስለነበር። ስለዚህ ልጆቹን ጠርቼ ሕጉን እናንተ አስተካክሉት አልኳቸው። "ውሃው አንገቱ ጋ ካልደረሰ ቆርኪ የለም" ያለው ማን ይመስላችኋል? አጭበርባሪው ራሱ። ቀዳዳውን የሚያውቀው እሱ ነዋ። ሕግ አውጪዎቹ ተጫዋቾቹ ሲሆኑ ዳኛነቱም ከናንተ ላይ ይወርዳል።

ማወዳደርንም ሞክሬ ነበር። ለየብቻ ዕቃ፣ ማን ቀደመ። ትልቋ ሦስት ሳምንት በተከታታይ አሸነፈች። በአራተኛው ትንሹ ቆርኪውን በሙሉ በመስኮት በተነው። ስምንት ዓመት ከአሥራ አንድ ዓመት ጋር ምን ውድድር አለው? አሁን ሁሉም ባንድ ወገን ነው፤ ተጋጣሚያችን ሰዓቱና ቧንቧው ናቸው።

አንድ ቦታ ደግሞ ጭራሽ እጃችሁን አታስገቡ፤ ሰው ወዶ በሚሠራው ነገር ላይ። ልጄ መጽሐፍ ትወዳለች። በቆርኪው ስለሰከርኩ ለንባብም ኮከብ መለጠፍ ጀመርኩ። ወር ሳይሞላ ከመደርደሪያው ስስ ስሱን ብቻ መምረጥ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይሄንኑ በሥዕል አሳይቷል። መሳል የሚወዱ ትንንሽ ልጆች "ከሳላችሁ ምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ተብለው ከሳሉ በኋላ፣ በነፃ ጊዜያቸው መሳል ቀነሱ። ኮከቡን ቀደድኩት። ወደ ወፍራሙ መጽሐፍ እስክትመለስ ክረምቱ አለፈ።

የመጨረሻው የእናቴ ነው። ደሴ ነው የምትኖረው፤ የደም ግፊት ክኒን በየጠዋቱ ትወስዳለች። ትወስዳለች ይባላል እንጂ፣ ስደውል "ውጫለሁ ልጄ" ትለኝና ብልቃጡ ወር አልፎትም አያልቅም። መቆጣት አይሞከርም፤ እናት ናት። ባለፈው መስከረም ስሄድ ባዶ የእንቁላል ትሪ ወሰድኩላት። 30 ጉድጓድ አለው፤ ወራችንም 30 ቀን ነው። አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና አጠገቡ አስቀመጥኩ። ክኒኑን ስትውጥ አንዲት ፍሬ ቀጣዩ ጉድጓድ ውስጥ ትጥላለች። "ገበጣ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። በልጅነቷ ገበጣ የሚያሸንፋት አልነበረም። የተዘለለ ጉድጓድ ቢኖር ባዶውን እንድትተወው፣ በማግሥቱ ሁለት ክኒን እንዳትውጥ አደራ አልኳት። ክኒን ቆርኪ አይደለም፤ ለሚያመልጥ ቀን ምን እንደሚደረግ ሐኪሙን ጠይቁ።

ከዚያ ወዲያ ስደውል "ዋጥሽ ወይ?" አልልም። "ስንተኛው ላይ ደረስሽ?" እላለሁ። ጎረቤቷም ጠዋት ለቡና ስትመጣ ትሪውን አይታ ትቆጥርላታለች።

ጳጉሜን ስትገባ ግራ ገባኝ። ትሪው 30 ነው፤ ለጳጉሜን ጉድጓድ የለውም። ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ደወልኩ።

"ክኒኑንስ?"

"ዋጥኩ እንጂ።"

"ቡናዋን የት አስቀመጥሻት ታዲያ?"

"የምን ማስቀመጥ ነው? ሁሉንም ሰብስቤ ቆላሁት።"