ሬዚስታንስ ሲጨምር ፓወር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ጥገና የማስተምራቸው ጀማሪዎች ሁሉ የሚደናገሩበት አንድ ቦታ አለ። አንዱ ቀመር ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው) ሲጨምር ፓወር (ዕቃው በሴኮንድ የሚወስደው ኃይል) ይጨምራል ይላል፤ ሌላው ይቀንሳል ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ቀመር ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ እዚህ ሰርኪዩት ላይ የማይለወጠው ቮልቴጁ (ፍሰቱን የሚገፋው) ነው ወይስ ከረንቱ (ፍሰቱ ራሱ)?

መነሻው ቀላል ነው። ቮልቴጅን ለሬዚስታንስ ስታካፍሉ ከረንት ታገኛላችሁ፤ ቮልቴጅን በከረንት ስታባዙ ፓወር። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይወጣል።

220 ቮልት ላይ ለየብቻ የተሰኩ ዕቃዎች የሚደርሳቸው ቮልቴጅ እኩል ነው። እዚህ ቮልቴጁን በራሱ አባዙና ለሬዚስታንሱ አካፍሉት። 100 ዋት ባለ ክር አምፖል 484 ኦም ነው፤ 40 ዋቱ 1210 ኦም። ሬዚስታንሱ ያነሰው ብዙ ፓወር ይወስዳል።

እነዚሁ ሁለት አምፖሎች በሲሪየስ፣ ማለትም በአንድ መስመር ተከታትለው ቢገናኙስ? ደምቆ የሚበራው 40 ዋቱ ነው! የ100 ዋቱ ክር ቀላ ከማለት አያልፍም። በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ስለሆነ፣ አሁን ፓወሩ የሚገኘው ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው። ሬዚስታንሱ የበዛው ብዙውን ይወስዳል።

ይህን በቴስተር ለማረጋገጥ የምትሞክሩ 484 ኦም እንዳትጠብቁ። የቀዘቀዘ ክር የሚያሳየው የዚያን አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው፤ ሬዚስታንሱ ከፍ የሚለው ክሩ ሲግል ነው። ኦም የምትለኩት ደግሞ ሁልጊዜ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ዕቃ ላይ ብቻ ነው።

ለኤልኢዲ (ለትንሿ መብራት) ከረንቱን የሚገድብ ሬዚስተር ስትመርጡም ስሌቱ ይኸው ነው። 9 ቮልት ባትሪ አላችሁ እንበል፤ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል፣ ለሬዚስተሩ 7 ይቀራል። ከረንቱ ከ20 ሚሊአምፒር (0.02 አምፒር) እንዳያልፍ 7ን ለ0.02 ስታካፍሉ 350 ኦም ይመጣል። ከዚያ ከፍ ያለውን 390 ያዙ፤ ከረንቱ 18 ሚሊአምፒር፣ ሬዚስተሩ ላይ የሚሞቀው 0.13 ዋት ገደማ ይሆናል። የ0.125 ዋት ሬዚስተር እዚህ አይበቃም። የ0.25 ዋቱን አድርጉ።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ግን የላላ ግንኙነትን ነው። 2200 ዋት ማሞቂያ 22 ኦም ነው፤ 10 አምፒር ይስባል። ስፒናው ውስጥ አንዱ ብሎን ላልቶ 0.5 ኦም ቢፈጠር ከረንቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ምክንያቱም ከረንቱን የሚወስነው ማሞቂያው ነው። እንግዲህ 10 በ10፣ ሲባዛ በ0.5፦ 50 ዋት ሊጠጋ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ያለው የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ከረንቱ ስላልጨመረ ብሬከሩ አይወርድም። ቤት የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ከባድ ዕቃ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ አጥፉትና ነቅላችሁ የስፒናውን ፕላስቲክ ዳስሱ። ትኩስ ከሆነ ስፒናውን ፍቱት፤ የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አዲስ ልጣችሁ ብሎኑን በደንብ አጥብቁ። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ የሶኬቱ መያዣ ላልቷል ማለት ነው፤ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጣችሁ ሶኬቱን ቀይሩት።