ለኖልዶር ዓመፅ የቫላርን ተጠያቂነት እንዴት መመዘን ይቻላል?

ደራሲው ቶልኪን ከሞተ በኋላ በ1977 እ.ኤ.አ. በታተመው «ዘ ሲልማሪሊዮን» ውስጥ ኖልዶር የተባሉት ኤልፎች በፌአኖር መሪነት የቫላር መኖሪያ ከሆነችው ከቫሊኖር ሸፍተው ሲወጡ፣ ዓለምን የሚጠብቁት ኃያላን ቫላር ምን ያህል ተጠያቂ ናቸው? ይህን ለመመርመር የሚነሣ አንባቢ ዓመፁን የወለደውን ሁኔታ በዓመፁ ጉዞ ላይ ከተፈጸመው ወንጀል አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል።

ብዙዎች በቫላር ታስሮ የነበረው ክፉው ኃያል ሜልኮር ከተፈታበት ይጀምራሉ፤ እርስዎ ግን ወደ ኋላ ተመልሰው ኤልፎች ወደ ቫሊኖር ከተጠሩበት ጉባኤ ይጀምሩ። ከቫላር አንዱ ኡልሞ ኤልፎቹ በትውልድ ስፍራቸው በመካከለኛው ምድር በነፃነት ይኑሩ ብሎ ቢከራከርም፣ ሌሎቹ ለደኅንነታቸው ሰግተውና አብረዋቸው መኖርን ወድደው ጠሯቸው። ሜልኮር ኋላ «ምርኮኞች ናችሁ» እያለ ለነዛው ሐሜት መነሻ የሆነው ይህ በፍቅር የተደረገ ጥሪ ነው።

የቫላር ንጉሥ ማንዌ ሜልኮርን ከሦስት ዘመን እስራት በኋላ መፍታቱን ሲመዝኑ፣ አንባቢው በኋላ ባወቀው ነገር አይፍረዱበት፤ ማንዌ ክፋት የሌለበት በመሆኑ ክፋትን ሊረዳ ያልቻለ ዳኛ ነበር። ይሁን እንጂ ከቫላር መካከል ኡልሞና ቱልካስ ስላልተታለሉ፣ ማንም ሊጠረጥር አይችልም ነበር የሚለው መከላከያ አይጸናም።

በእኔ ግምት ከመፍታቱ ይልቅ የሚከብደው ዝምታቸው ነው። ቫላር ስለ ሰው ልጆች መምጣት ለኤልፎች ስላልነገሩ ወሬውን ቀድሞ ያሰማው ሜልኮር ሆነ፤ እርሱም ማንዌ ኤልፎቹን በቫሊኖር የያዛቸው ሰዎች የመካከለኛውን ምድር መንግሥታት እንዲወርሱ ነው ብሎ አጣመመው። እውነቱ በጊዜው ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ውሸት የሚቆምበት መሬት ባልኖረው ነበር።

ከዚህ በኋላ የፌአኖርን ድርሻ በቅደም ተከተሉ ይመልከቱ። ለቫሊኖር ብርሃን የሚሰጡት ሁለቱ ዛፎች ከተመረዙ በኋላ ከቫላር አንዷ ያቫና ዛፎቹን ለማዳን፣ ፌአኖር በሠራቸው ዕንቁዎች በሲልማሪሎች ውስጥ ያለውን ብርሃናቸውን ስትለምነው እምቢ ያለው የአባቱን የፊንዌን ሞት ከመስማቱ በፊት ስለሆነ፣ እምቢታውን በሐዘን ማመካኘት አይቻልም። ቫላርም በግድ አልወሰዱበትም፤ ኖልዶር ሲወጡም መልእክተኛ ልከው ከማስጠንቀቅ በቀር መንገድ አልዘጉባቸውም። ለምን አላስቆሟቸውም የሚል ሰው፣ በኃይል ቢያግዷቸው የሜልኮር የምርኮ ክስ እውነት ይሆን እንደነበር ሊያስብ ይገባዋል።

በወደብ ከተማዋ በአልኳሎንዴ ለመርከብ ሲባል የፈሰሰው፣ ቴለሪ የተባሉት የሌላ ወገን ኤልፎች ደም ግን በቫላር ላይ የሚጫን አይደለም። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የፌአኖር ወንድም ፊናርፊን ነው፦ የቫላር ፈራጅ ማንዶስ በዓመፀኞቹ ላይ ያወጀውን ፍርድ ሰምቶ ከመንገድ ተመለሰ፣ ይቅርታም አገኘ፣ በቫሊኖር የቀሩትን ኖልዶርም እንዲገዛ ተሾመ። ለፌአኖር የሚሟገት ሁሉ ስለ ፊናርፊን መልስ ማዘጋጀት አለበት።