ታድሶ ለጎብኚ የተከፈተ ዘመናዊ ቤት እንዴት ይጎበኛል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት ጠፍጣፋ ጣሪያና ሰፋፊ መስታወት ያላቸው ቤቶች የታነጹት ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ ሰው ኑሮ ነው። ሙዚየም ሆነው ሲከፈቱ መተላለፊያቸው ይጠብባል፣ ወለላቸውም ቶሎ ይጎዳል። ጥንቃቄው የሚበዛው ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ውስጥ የሚያስገባ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንዱ ቲኬት ግቢውን ዞሮ ለማየት ብቻ ነው። መነሻ ቦታውንም ያንብቡ፦ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ኬነን ከተማ የሚገኘው የአርክቴክቱ የፊሊፕ ጆንሰን የመስታወት ቤት (1949) ጉብኝት የሚጀምረው ከተማው ውስጥ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል ነው። በቀጥታ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ሰዓቱ ያልፍበታል።

2. ለስላሳና ጠፍጣፋ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። ቀጭን ተረከዝ የሰውነትን ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ስለሚጥል የቡሽና የሊኖሌም (ከተልባ ዘይት የሚሠራ የወለል ልባስ) ወለልን ያጎደጉዳል። ጫማ የሚያስወልቁ ቤቶችም ስላሉ ንጹሕ ካልሲ አይርሱ። የጀርባ ቦርሳ በር ላይ ይተዉ፤ ዞር ሲሉ መደርደሪያ የሚገጨው እሱ ነው።

3. ለመግባት አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ከውጭ ይዙሩ። የእነዚህ ቤቶች ሐሳብ ያለው ከመሬቱ ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፕላኖ ውስጥ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮ የሠራውን የፋርንስዎርዝ ቤት (1951) እንውሰድ። አጠገቡ ያለው የፎክስ ወንዝ ስለሚሞላ፣ ወለሉ በስምንት የብረት ዓምዶች ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ያም አልበቃም፤ በ1954 እና በ1996 ጎርፍ ቤቱ ውስጥ ገብቷል፣ በሁለተኛው ጊዜም መስታወት ሰብሯል። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው የትራቨርቲን (የኖራ ድንጋይ ዓይነት) ንጣፉን መገጣጠሚያ ይመልከቱ። ንጣፉ ተዳፋት የለውም፤ የዝናብ ውሃ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ወርዶ ከሥር በተሞላው ጠጠር ያልፋል። እንዲህ ያለውን ነገር ፎቶ አያሳይም።

4. ውስጥ ሲገቡ የቀድሞውን ከአዲሱ ለመለየት ይሞክሩ። የብሎኖቹን ጭንቅላት፣ የመብራት ማብሪያዎቹን፣ የመስታወቱን ጠርዝ ያስተያዩ። ስስ የእንጨት ልባጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል፤ ስለዚህ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ግድግዳ ምናልባት ተተክቷል ወይም እንደገና ተቀብቷል። በእጅ ግን አይንኩ፤ የጣት ቅባት እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል።

5. አስጎብኚውን በቀጥታ ይጠይቁ፦ ጣሪያው ያፈሳል? መስታወቱ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? የታደሰው ወደ የትኛው ዓመት መልኩ ነው? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ባለቤቱ ከገባ በኋላ የጨመረው ነገር የተነሣው ወይም የቀረው በዚያ ውሳኔ ነው።

6. መቀመጥ ከተፈቀደ ይቀመጡ። ከወንበር ከፍታ ሲያዩ የመስኮቱ አቀማመጥ ይገባዎታል። ካልተፈቀደ ቁመትዎን ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። ፎቶ ሲያነሡ ነጸብራቅ እንዳያስቸግርዎ ካሜራውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው፣ ሳያስነኩ ያንሡ። ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ብዙ ቦታ ስለሚከለከል ቀድመው ይጠይቁ።