ፖከር ላይ ዕድልና ችሎታን የሚያምታቱ ስህተቶች

«ፖከር ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?» የሚለው ክርክር ካርታ በተበወዘ ቁጥር ይነሳል። ተከራካሪዎቹም በየጊዜው የሚሳሳቱት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቴክሳስ ሆልደም ለሚጫወት ሰው የተጻፈ ነው፤ ይህም ለየተጫዋቹ ሁለት ድብቅ ካርታ የሚታደልበት፣ መሐል ደግሞ አምስት የጋራ ካርታ በየተራ የሚገለጥበት የፖከር ዓይነት ነው።

ውሳኔን በውጤቱ መመዘን። ትዕግሥቴን የጨረሰው ይሄኛው ነው። የመጨረሻዋ ካርታ ልትገለጥ ነው እንበል። መሐል 100 ተቀምጧል፤ ተጋጣሚህ የቀረችውን 50 ጨመረ፤ ለመቀጠል አንተም 50 መክፈል አለብህ። አንተ ፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) እየጠበቅህ ነው፤ የጎደለችህ ከመጣች ታሸንፋለህ፣ ካልመጣች ባዶ። ካላየሃቸው 46 ካርታዎች የሚያድኑህ 9 ናቸው፤ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። 150 ለማግኘት 50 የሚከፍል ሰው ደግሞ እንዳይከስር ከአራት አንዴ ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ በከፈልክ ቁጥር በአማካይ ወደ 11 ትጥላለህ። ጀማሪው ይከፍላል፣ ካርታዋ ዱብ ትላለች፣ ገንዘቡን እየሰበሰበ «ታውቆኝ ነበር» ይላል። ምንም አልታወቀውም! እሱስ ይሁን፤ የሚብሰው በሌላ ዙር አስልቶ ካርታውን የጣለው ሰው ነው። የምትፈለገዋ ካርታ ስትገለጥ ያያትና «ብከፍል ኖሮ!» ብሎ ሲብሰለሰል ያመሻል። በሚቀጥለው ይከፍላል። ትክክለኛ ውሳኔው አንድ ካርታ አይቶ ተበላሸ።

ተገላቢጦሹም አለ። ሁለት ኤስ (ትልቋን ካርታ) ይዞ ሁለት ኪንግ (ቀጥላ ያለችውን) ከያዘ ሰው ጋር ገና ካርታ ሳይገለጥ ሙሉ ገንዘቡን ያስገባ፣ 82 በመቶ ያህል ያሸንፋል። በቀረው ይበላል፤ ይህ እንዲያው የጨዋታው ጠባይ ነው። ተናድዶ በቀጣዩ ዙር ያገኘውን ካርታ ሁሉ መጫወት ግን የራሱ ሥራ ነው።

ከጥቂት ምሽት ተነስቶ መፍረድ። በ2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ሊብራተስ የተባለ ፖከር የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት ባለሙያዎች ጋር ሲገጥም 120,000 ዙር ተጫውተዋል። ያም አልበቃ ብሎ፣ በአንዱ ክፍል ለሰው የታደለው ካርታ በሌላው ክፍል ለፕሮግራሙ እንዲታደል ተደረገ፤ ዕድል ውጤቱን እንዳያዛባው። አንተ ደግሞ የአንድ ቅዳሜ ትርፍ ይዘህ «ችሎታ አለኝ» ትለኛለህ። በ2003 በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ ገብቶ ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የተባለውን ታላቅ ውድድር ያሸነፈውን፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ የሄደውን የሂሳብ መዝገብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከርን የሚጠቅሱልኝም አሉ። ጥሩ ተጫውቷል፤ አንድ ውድድር ግን ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም።

«ሁሉም ዕድል ነው» ለሚሉት፦ ሎተሪ ላይ ሆን ብለህ ልሸነፍ ብትል መንገድ የለህም። ፖከር ላይ ግን ጥሩ ካርታ ሁሉ እየጣልክ፣ በመናኛው እየተወራረድክ፣ ዛሬውኑ መክሰር ትችላለህ።

«ተራዬ ደርሷል» ማለት። ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 ዙር አንዴ ይመጣል። 500 ዙር ሳያያቸው የቆየ ሰውም በቀጣዩ ዙር ያለው ዕድል ያው ነው።

አጫዋቹ ቤት የሚቆርጠውን መርሳት። ከተጋጣሚዎችህ በትንሹ ብትሻል፣ ያቺ ትንሽ ብልጫ ቤቱ ከየዙሩ በሚያነሳው ልታልቅ ትችላለች። ትርፍና ኪሳራህን ስትመዘግብ የተቆረጠውን ለብቻው ጻፍ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁሉ እየረታ በመጨረሻ ባዶ ኪሱን የሚነሳ ሰው «ዕድለ ቢስ ነኝ» የሚለው ይህን ስለማይጽፍ ነው።